የኦቦ ከድር ግራ እጅ

ጎባ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የሰጠኝ መመሪያ አንድ ብቻ ነበር። «በሽተኛው ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ይበላሻል። አትንቀሳቀሱ በል፤ ካልሰሙህ ድገም።» ጡረታ እስክወጣ ስደግም ኖርኩ፤ ባማርኛ ሲያቅተኝ «ሂን ሶቾኢና!» እያልኩ።

ኦቦ ከድር ሮቤ ጋሪ ነጂ ናቸው። ግራ እጃቸው ልጓም አልይዝ ሲል፣ የትኩስ ብርጭቆ ሙቀት አልሰማ ሲላቸው ተመረመሩ። ጭንቅላታቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ከእኛ ሆስፒታል የተላኩበት የአዲስ አበባ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት እጁን የሚያንቀሳቅሰውንና ንክኪ የሚሰማውን የአንጎል ቦታ በኤምአርአይ ለይቶ ማየት ፈለገ። በሽተኛው መሣሪያው ውስጥ ተኝቶ «ጀምር» ሲባል ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ «አቁም» ሲባል ያርፋል። መዳፉም በስፖንጅ ይነካል። በዚያን ጊዜ የሚሠራው ቦታ ምስሉ ላይ ይወጣል። ራስ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቴም ተበላሸ። የላክናቸው እኛ ስለሆንን የአዲስ አበባው የኤምአርአይ ባለሙያ ደወለልኝ።

«ሰውዬው አይሰሙም። ሐኪሙ አሁንም ካልተሳካ በግምት ነው የምሠራው፣ እጃቸው ሊሽመደመድ ይችላል ብሏል።»

«ነገሩን በኦሮምኛ ያስረዳቸው አለ?»

«ጣት አንቀሳቅስ ለማለት ነው አስተርጓሚ የምቀጥረው?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ኦቦ ከድርን ጎባ አስጠርቼ ለልምምድ ራጅ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። የኤምአርአዩን ጩኸት እንዲለምዱ ነርስ ሐሚዳ አጠገባቸው ትሪ በማንኪያ ትደበድባለች። በኦሮምኛ «ጀምሩ!» ስል «እሺ!» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አቁሙ!» «እሺ!» አሁንም ንቅንቅ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። በማግስቱም ያው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ኦቦ ከድር፣ ለምንድነው የሚመልሱልኝ?»

ተነሥተው ተቀመጡ። «ሰው ሲያዘኝ ዝም ልበል? ያን ያህል ባለጌ ነኝ እንዴ?»

ሐሚዳ ሳቀች። እኔ ግን ይበልጥ ተናደድኩ፤ አሁን በራሳችን። ይህን ሁሉ መንገድ የተመላለሱት ጨዋ ስለሆኑ ነው፤ ለምን እንደሚነቀንቁ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

«እንግዲያው እሺታዎ በጣትዎ ይሁን» አልኳቸው። «አፍና ራስዎ ይረፉ። ወላሂ አልቀየምም።»

ጣታቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

አዲስ አበባ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በማይክሮፎን ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ። የእጁ ቦታ ከእጢው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ሐኪሙ እዚያ ጋ ያለውን ጥቂት እጢ ሳይነካ ተወው። ኦቦ ከድር ዛሬም ጋሪያቸውን ይነዳሉ፤ ትንሿ ጣታቸው ግን እንደደነዘዘች ቀረች።

አዲስ ለምትገቡ ባለሙያዎች፦ በሽተኛውን አትንቀሳቀስ ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደሚንቀሳቀስ ጠይቁት።