እናቴ «ያምራል» ያለችኝ አበባ

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ያምራል» ያለችኝ ዕለት ክው ነው ያልኩት። የኢድ ምሳ ልንበላ ተሰብስበን ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ገበታው መሃል የሚቀመጥ አበባ ሠርቻለሁ። ቀይ የማሽላ ራስ፣ ከጎረቤት አጥር ለምኜ ያመጣሁት ቡጋንቪላ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጤና አዳም። ማስቀመጫው ከወገቡ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሲሆን እንዳያስታውቅብኝ በጆንያ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። «እማ፣ እስቲ አበባዬን እይልኝ» አልኳት። ዞር አለችና «ማሻአላህ፣ ያምራል» ብላ እጇን ወደ ምግቡ ሰደደች።

ለባሌ ስነግረው ሳቀ። «አሟት እንዳይሆን» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እናቴን ለማያውቅ ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል? ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግን ስፌቷን የማያውቅ የለም። አንዲት ስንደዶ ከመስመር ከወጣች የሳምንት ሥራዋን ፈትታ እንደገና የምትጀምር ሴት ናት። በእኔ አበባ ላይ ደግሞ ምሕረት አታውቅም። «ይኼ ቀይ እዚህ መሃል ምን ሊያደርግ መጣ?» ትላለች። «ይኼኛው ለምን አጎነበሰ፣ ተሰድቦ ነው?» ትላለች። በገዛ ኒካሄ ዕለት በር ላይ ያቆምኩትን የአበባ ቅስት እንግዳ ፊት ቆማ ዓይታ ዓይታ «በሉ በሩን ዝጉት፣ በጎቹ መኖ መስሏቸው እንዳይገቡ» ብላለች። ስንቱን አበባ በንዴት ደጅ ወርውሬዋለሁ! በማግስቱ ግን ሌላ እሠራለሁ፤ እሷ ምንም እንከን የማታገኝበትን አንድ አበባ ካልሠራሁ አልሞትም ያልኩ ይመስል።

ከዚያ ኢድ በኋላ ምስጋናው ተከታተለ። ልጄ ቁርአን ያከተመች ዕለት ለሠራሁትም «ጎሽ» አለችኝ። ስፌቷን ተወች፤ «ጣቶቼ እንቢ አሉኝ» አለች። መንገድ ስንሄድ ክንዴን መያዝ ጀመረች፤ «ጉልበቴ» አለች። እርጅና አለዘባት አልኩ። ለስልሳ እንዲህ ካመሰገነችኝ እሰየው ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

የታናሽ እህቴ ሰርግ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር የቀረችው እሷ ናት። እጮኛዋ የውጫሌ ልጅ ነው፤ ሱቁ ግን ሰመራ ስለሆነ ይዟት የሚሄደው ወደዚያ ነው። እህቴ በዚህ ምክንያት ኒካሁን ሁለቴ አራዝማዋለች። «እማን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? ትንሽ እንኳ ካመማት ንቅንቅ አልልም» ትላለች። እናቴ ደግሞ ይህን በሰማች ቁጥር ትቆጣለች። «እኔን ምን ነካኝ? ድንጋይ ነኝ፣ ድንጋይ! ሂጂና ትዳርሽን ያዢ።» በመጨረሻ እህቴ እሺ ያለችው ይህን ቁጣ አምና ነው። የሚቆጣ ሰው ጤነኛ ነው አለች።

የሙሽራው ወገኖች የዲኮር ሠራተኛ ከደሴ እንላክ ሲሉ እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የፕላስቲክ አበባ? እህቷ ትሠራዋለች» አለቻቸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሌላ አበባ አላሰብኩም፤ ሐሳቤ የሐይቁ አበባ ላይ ነበር። ከዳር ወጣ ብሎ ውሃው ላይ ተዘርግቶ የሚውለው፣ መሃሉ ቢጫ፣ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ የተንጣለለ፣ ሐምራዊው የውሃ አበባ። በልጅነታችን ጠዋት ውሃ ስንቀዳና ልብስ ስናጥብ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ለሰርግ ያዋለው ሰው ግን አላውቅም። በሰርጉ ዕለት ፀሐይ ከፍ ስትል ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ ወጣሁና ዘንጉን ከውሃ ሥር እየቆረጥኩ ባልዲውን ሁሉ ሞላሁ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ያያሉ። እንደዚያ የሚያምር ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

እናቴ ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ ከሙሽሪት መቀመጫ ጀርባ ከሐይቁ ዳር ያጨድኩትን ረጃጅም ፊላ አቆምኩ። ፊላው ላይ የእናቴን የድሮ ሰፌዶች ሰቀልኩ። ከሥር ገበቴዎች ደርድሬ ውሃ ሞላሁባቸውና አበቦቹን አንሳፈፍኩ። የጎረቤት ሴቶች ወጥ ማማሰላቸውን ትተው መጡ። «ሱብሃነላህ!» አሉ። አንዷ ስልኳን አውጥታ አነሳችው፤ ሌላዋ «ሐምራዊው እንዴት ፈንድቷል!» እያለች ለእናቴ ልትነግር ገባች። እኔ ግን የእነሱን አልሰማም። እናቴ በእንግዳ ሁሉ ፊት ቆማ ምን ትል ይሆን? ልቤ ያለው እዚያ ነበር። እሷ ጓዳ ሆና ዘመድ ትቀበላለች፤ እኔም እንግዳው ሲሞላ ነው የማስገባት ብዬ ልብሴን ልቀይር ቤቴ ሄድኩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ተመልሼ ዳሱ ውስጥ ስገባ ካለሁበት ተገተርኩ።

አበቦቹ የሉም። ማለቴ፣ አሉ፤ ግን ሁሉም ተዘግተዋል። አንድ ሳይቀር። ሐምራዊው ጠፍቶ ውሃው ላይ የተኮማተረ አረንጓዴ ጫፍ ብቻ ተንሳፍፏል፤ ገበቴው ሁሉ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ይመስላል። የሞቱ መሰለኝ። በርከክ ብዬ አንዱን በጣቴ ልከፍተው ብታገል ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም ተቀደደ። ለካ ይህ አበባ ቀትር ሲያልፍ እጥፍጥፍ ብሎ የሚተኛ ነው! ዕድሜ ልኬን ሐይቅ ዳር ኖሬ፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ሄጄ ዓይቼው አላውቅም። የሙሽራው አክስቶች ከውጫሌ ደርሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንዷ ወደ ጎን አጋድላ በሹክሹክታ «ሳይፈነዳ ነው እንዴ የቀጠፉት?» ስትል ሰማኋት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚያው ቅጽበት እናቴን አንዲት ጎረቤት ክንዷን ይዛ አስገባቻት። አሁን አለቀልኝ አልኩ። እንደ በጎቹ ያለ ቀልድ ይዛልኝ ትመጣለች፣ የውጫሌ ሰው ዕድሜ ልኩን ይስቅብኛል። እናቴ መቀመጫው ፊት ቆመች። ፊቷን ወደ ገበቴዎቹ አቀናች። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ማሻአላህ!» አለች ጮክ ብላ። «እንዴት ፍንድት ብሎልሻል፣ ልጄ! ሐምራዊው ዓይን ያጠፋል!»

መጀመሪያ ሳቁ የመጣው ከአክስቶቹ በኩል ነው። «እናትየዋ ተጫዋች ናቸው ለካ!» አለች አንዷ፤ ዳሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ያሾፈችብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ልመልስላት ዓይን ዓይኗን ሳያት ግን እሷ የምታየው ገበቴውን አልነበረም። ከሰፌዶቹ ከፍ ብሎ ያለውን የዳሱን ባዶ ሸራ ነበር። ከንፈሯ ላይ ያለው ፈገግታ የቀልድ አይደለም፤ ከልቧ ነው ያመሰገነችኝ።

አንድ የተዘጋ አበባ ከውሃው አነሳሁና ምንም ሳልናገር አፍንጫዋ ሥር ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ዓይኗን አላርገበገበችም። 

«ምነው ዝም አልሽ? እነዚህስ ምን ያስቃቸዋል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እጇን ያዝኩና አበባው ላይ አኖርኩት። የስፌት እጅ ነው፣ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ጣቶቿ ከታች ወደ ላይ ሄዱ፣ የተዘጋውን ጫፍ ነኩ፣ ቆሙ። ፊቷ ላይ ደም የሚባል ጠፋ። እናቴ ስትደነግጥ በሕይወቴ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ የእጄን አንጓ ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ በጆሮዬ። «ወላሂ ብትነግሪያት አትሄድም። ዛሬ ትሂድልኝ።»

መልስ ሳልሰጣት ድቤው ተመታ። ሙሽሪት በሚዜዎቿ ታጅባ ገባች። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሳለች። አበባውን ያየችው አይመስለኝም፤ በቀጥታ የመጣችው ወደ እናቴ ነው። «እማ፣ እንዴት ነኝ?» አለቻት።

እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋችና የእህቴን ፊት ያዘች። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በቀስታ ዳሰሰች። አልቸኮለችም። ሚዜዎቹ «ሜካፑ! ሜካፑ!» ብለው ተንጫጩ፣ እሷ ግን አልለቀቀችም። «የኔ ዓለም፣ ጨረቃ ነሽ» አለቻት። እህቴ ሳቀች፣ አለቀሰች።  ያን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ በዓይኗ ያየችው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሙሽራው መጥቶ ሊወጡ ሲሉ እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማ እጇ በረዶ ነው። ደህና ናት አይደል? ደህና ካልሆነች ንገሪኝ፣ አሁን ልቁም» አለችኝ። መኪናው በር ላይ እያጉረመረመ ነው። ከትከሻዋ በላይ እናቴ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ድምፃችን አዙራ።

«ደህና ናት፣ አብሽሪ። የደስታ ነው» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላህ ያውቃል።

መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሄዱ። እንግዳው ሲበተን እናቴን ዳሱ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ድንጋጤዬ አልለቀቀኝም፣ ላዩ ላይ ደግሞ ንዴት መጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ቀኙ ከረመዳን ወዲህ ነው የደከመብኝ። ብርሃንና ጥላ ይታየኛል፤ ሰውን በድምፁ አውቃለሁ። ቤቴን ለምጄዋለሁ።»

«ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«አንቺ ፊትሽ መች ነገር ይይዛል? አንቺን አይታ ታውቅብኝ ነበር። ምን ላርግ ዲያ፣ ይቺ ልጅ በኔ ምክንያት ቆማ ትቅር?»

«ነገ ደሴ ዓይን ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። እንቢ ካልሽ ተሸክሜሽ ነው።»

«እሄዳለሁ። አሁንማ ሸኘኋት፣ ምን ቀረኝ።»

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚጠየቅ አልነበረም፣ ግን መዋጥ አቃተኝ። «የኢዱን አበባ ያምራል ያልሽኝስ? የልጄንስ? እማ፣ እሱም ለሽፋን ነው?»

እናቴ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት የድሮ ሳቋ ነው። «አላየሁትማ» አለች። «ባየው ኖሮ ዝም እል ነበር?»

 ላለቅስም ልስቅም ከጅሎኝ አፌን ይዤ ቆምኩ።

«በይ አትገተሪ፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለችኝ ወንበሩን በመዳፏ እየመታች። «አሁን የሠራሽውን ሁሉ በዝርዝር ንገሪኝ። የቱ ጋ ነው ያበላሸሽው?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ከፊላው ጀምሬ ነገርኳት።