ለፋሲካ ገበያ የተጻፈ ልብ ወለድ

ልብ ወለድ በአምስት ሳምንት ይጻፋል ብሎ የሚያምን ሰው ወይ ቂል ነው ወይ የዳንግላ አስተማሪ ነው። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት። አንድ ሙሉ ልብስና አንድ ክራቫት ነበረኝ፤ ጋሪ ስሳፈር ከገበሬ ጎን መቀመጥ ያሳፍረኝ ነበር። ያን ወጣት ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላምም አልለው።

አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ የነበረ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከጥምቀት በኋላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለፋሲካ ገበያ የሚያወጣው ልብ ወለድ ይፈልጋል፤ ከወደደው ጸሐፊውን እዚያው አራሚ አድርጎ ይቀጥረዋል። ጽሑፉ ግን በአምስት ሳምንት ውስጥ እጁ መግባት አለበት። ለኔ ይህ ማለት ከዳንግላ ለዘለዓለም መገላገል ነበር።

ጀመርኩ። ባለታሪኬ የአዲስ አበባ ሀብታም ወጣት ነው። አዲስ አበባን የማውቃት ለሥልጠና ሄጄ በቆየሁባቸው አሥራ ሁለት ቀናት ስለሆነ፣ ልጁን ከሆቴል ሆቴል ከማመላለስ በቀር ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። በየገጹ ሲጋራ ይለኩሳል። አንዲት ቆንጆ ትወደዋለች፤ ምኑን እንደወደደችለት እኔም አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ እንጂ የለቀምኩት የለም። ተማሪዎቼን ድርሰት እያጻፍኩ እኔም የራሴን እሞነጫጭር ነበር። የነሱ ይሻል እንደነበር አሁን አልጠራጠርም።

ጽሕፈቴ እንኳን ለሌላ ለራሴም አይነበብም። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ለሚጽፉ ሽማግሌ እወስድላቸዋለሁ። እሳቸው በዚያ ባማረ እጃቸው ይገለብጡልኛል። ከእጃቸው በቀር ሌላ ነገር አላቸው ብዬ አላስብም ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ወሬ አለቀብኝ። ያኔ እጄን ወደ ራሴ ቤት ሰደድኩ። ባለፈው ዓመት እናቴ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ቅቤ ይዛልኝ ስትመጣ፣ ዲሬክተሩና ሁለት የአውራጃ ሹማምንት ቤቴ ተቀምጠው ነበር። "ማን ናት?" አሉኝ። "ቅቤ የምታመጣልኝ ሴት ናት" አልኳቸው። ከኔ ጋር የምታወራው ሁልጊዜ በአገውኛ ስለሆነ አማርኛ ትሰማለች ብዬ አላሰብኩም። እሷም ቅቤውን አስቀምጣ፣ እጅ ነሥታ ሄደች።

ይህን ወስጄ ለሀብታሙ ልጅ ሰጠሁት። እንዲያስቅ ብዬ የእናትየዋን አነጋገር አጣመምኩት፤ እንግዶቹን በሳቅ አፈነዳኋቸው። ከመጽሐፉ ሁሉ ሳልደክም የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው።

የተሰጠኝ ቀን ሳያልፍ አዲስ አበባ የሚያደርሰኝ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ገልብጠው ጨርሰዋል፤ ግን አልሰጡኝም።

"ለባለቤቱ ያልተነበበ ወረቀት ከእጄ አይወጣም" አሉ።

"የጻፍኩት እኔው ነኝ እኮ። አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው፤ ይስጡኝ።"

"የመጨረሻውን ብቻ ላንብብልህ፣ አስተማሪ። ኋላ እንዲህ አላልኩም የሚል ስንቱን አይቻለሁ።"

የገበያ ቀን ነበር። ባለጉዳዮች ተሰበሰቡ። እናቴም ገበያ ወጥታ ኖሮ፣ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ አየኋት። እሷ ደግሞ ምን ሊገባት፣ ብዬ ተውኩት። ሽማግሌው ክስ በሚያነቡበት ድምፅ የእናትየዋንና የቅቤውን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት። ሳቅ ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ዛፉ ሥር የሚነበብ ወረቀት ሁሉ ለነሱ ክስ ነው።

"እናቱን ካዳት ማለት ነዋ" አለ አንድ ገበሬ።

"ፈጠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም" አልኩ። የሰማኝ የለም።

"ምስክርስ አላት?" ሲሉ አንድ አዛውንት ጠየቁ። "ሲክዳት የሰማ ከሌለ ዳኛ ምን ያደርግላታል?"

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በሰዎቹ መሐል አልፋ መጣች። ወደኔ አልዞረችም።

"ምስክርስ አለ፣ አባቴ" አለች፣ ከኔ በማያንስ አማርኛ። "እኔ እዚያው ነበርኩ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

አፈርኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ነጥቄ ሮጥኩ።

ደረስኩበትም።