ቀትር ላይ ያመለጠኝ የአውሮፕላን ፋብሪካ

በደርግ ዘመን የአንድ ጋዜጣ የአሰብ ዘጋቢ ነበርኩ። የመርከብ መግባትና መውጣት፣ የነዳጅ ማጣሪያው ዜና፣ የባለሥልጣናት ጉብኝት፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። አዲስ አበባ በዋናው መሥሪያ ቤት በኢኮኖሚ ክፍሉ አንድ ቦታ ተከፈተና ዋና አዘጋጁ በስልክ፣ «ስለ አንድ የውጭ ኩባንያ ደህና ሐተታ ጻፍና እንነጋገራለን» አለኝ። ያንኑ ቃል ለአንድ ባልደረባችንም እንደ ሰጠው ቆይቼ ሰማሁ።

ይህ ባልደረባዬ ከእኔ በብዙ ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ፣ የትም ቢሄድ ሰው የሚወድደው ጋዜጠኛ ነበር። ሹፌር ይሁን ሚኒስትር፣ እሱ ሲያወራ ወንበሩን ያስጠጋል። እኔ ስገባ ሰዉ ጉሮሮውን ያጠራል፣ አነጋገሩን ያሳምራል። ይህንን ልዩነት በሚገባ አውቀው ነበር፤ አልወደውም ነበር።

ርእስ መርጬ ነበር። ባለሥልጣናትንና መሐንዲሶችን ይዛ አሰብ የምታርፍ ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ሆዷ ወፍራም፣ አፍንጫዋ ደፍጣጣ፤ የምታምር አልነበረችም። የሠራትን ፋብሪካ ታሪክ ከአሮጌ መጽሔቶች ስለቅም ከረምኩ። መሥራቹ አናጢ ነበር፤ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሠራ ነበር። ጦርነት መጣና መንግሥቱ የእንጨት ክንፍ አዘዘው፤ በዚያ በለጸገ። ሰላም ሲመጣ ገዢ ጠፋና ያ ሰፊ ፋብሪካ ድስትና የአውቶቡስ ወንበር ማምረት ጀመረ። ከውድቀት ያዳነችው ይቺው ሆዳም አውሮፕላን ናት፤ በአፈርም በአሸዋም ላይ ስለምታርፍ አስፋልት የሌለው አገር ሁሉ ገዛት። ልጆቹ ግን ትልቅ የመንገደኞች ጄት ካልሠራን አሉ። መጽሔቶቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። የኔ ሐተታ የጎደለው ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር።

ስለዚህ የፋብሪካው ሰው አሰብ እንደሚመጣ ስሰማ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጠበቅሁት። ረዥም ሽማግሌ ነበር፤ ገና ከደረጃው ሳይወርድ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። የምመለሰው ነገ ነው አለኝ። «አሁን ይረፉ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሆቴልዎ እመጣለሁ» አልኩት።

አሰብ የኖረ ሰው ሌላ ነገር አይልም። ከቀትር በኋላ ቢሮውም ሱቁም ይዘጋል። ሰው ገላውን ይታጠብና ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ይጋደማል። ከበይሉል መንደር ዓሣ ይዞ የመጣው አጥማጅ እንኳ የአጥር ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ የሞት መርዶ የያዘ ብቻ ነው። እኔም እንደ አገሩ ተኛሁ።

ባልደረባዬ ለልዩ የወደብ ዘገባ ከአዲስ አበባ ተልኮ ያን ሰሞን እዚያው ሆቴል አርፎ ነበር። ከእንቅልፌ ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ስደርስ እሱ በረንዳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የሆቴሉ ባለቤት፣ ከአስመራ የወረደች ደልዳላ ሴት፣ ገና ሳልቀመጥ ተቀበለችኝ።

«አሁን ነው የምትመጣው? ሰውዬህ ሄደ እኮ!»

«ወዴት?»

«ወደ ሰማይ ነዋ! ፓይለቱ ነገ ነፋስ አለ ብሎ አጣድፎ ወሰደው።»

«ጋሼ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለ ባልደረባዬ።

«ሁለቱንም የቀትር ጋኔን ለክፏቸው እዚህ ሲያወሩ ዋሉ» አለች ሴትዮዋ። «እኔንም አላስተኙኝ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ አለቀሰ።»

«አለቀሰ?»

«አለቀሰ እንጂ! ይኼ ደግሞ ቢራ እየቀዳ ያባብለዋል። እኔማ ሚስት የሞተችበት መስሎኝ ነበር።»

ሁለቱም እንግዶች ናቸው። የአገሩን ሰዓት አያውቁም፤ ሙቀቱ ከየአልጋቸው አስነስቶ አንድ በረንዳ ላይ አገናኛቸው።

«ምን ነገረህ?» አልኩት፤ ድምፄን እንደ ወትሮው አድርጌ።

«ጄቱን የገዛ የለም። ዕዳው ሲበዛ ባንክ ወረሳቸው፣ ባንኩ ለዋና ተፎካካሪያቸው ሸጣቸው። ተፎካካሪው ገዝቶ ዘጋው። ሰውዬው የመሥራቹ አማች ነው፤ አውሮፕላኗን የገዙት ጋ አገር ላገር እየዞረ፣ መለዋወጫ ከእንግዲህ አይሠራም እያለ ይሰናበታል።» ቀጥሎም፦ «አንተ ብትኖር ይሻል ነበር ጋሼ። መጀመሪያውን ስለምታውቅ ትጠይቀው ነበር።»

ከልቡ ነበር ያለው። ተንኮለኛ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐተታውን በሳምንቱ ላከ። ዋና አዘጋጁ ደወለልኝ፤ ጽሑፉ ግሩም ነው፣ የአውሮፕላኗን ፎቶ አንሥተህ ላክልን አለኝ። ማረፊያው ላይ ፎቶ ማንሣት የጦሩን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ተከለከልኩ ብል የሚያጣራ አልነበረም። ሄጄ ለመንኩ፣ ተፈቀደልኝ፤ ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አነሣኋት። አስቀያሚዋ አውሮፕላን አማረች። ፎቶው በእሱ ስም ሥር፣ በሙሉ ገጽ ስፋት ወጣ። ጽሑፉን ስሕተት ፍለጋ አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። አላገኘሁም። አናጢው፣ ድስቱ፣ የአውቶቡሱ ወንበር፣ ሁሉም አሉ፤ ሽማግሌው ሁሉንም አጫውቶታል። መጽሔት የማይነግረውንም፣ መሥራቹ እስኪሞት በኪሱ የአናጢ እርሳስ ይይዝ እንደነበር፣ ነግሮታል።

ቦታውን አገኘ። እንኳን ደስ አለህ ልለው ደወልኩለት፤ እጄ የስልኩን ሽቦ ሲጠመዝዝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ መለዋወጫው አለቀና አውሮፕላኗ መምጣት አቆመች። ዜናውን ጻፍኩ፤ ሁለት አንቀጽ ለፋብሪካው ታሪክ ሰጠሁ። ጽሑፉ ወደ ኢኮኖሚ ክፍል ሄደ፤ ባልደረባዬ ደወለ።

«ጋሼ፣ የፋብሪካውን ታሪክ ከዜናው ልቆርጠው ነው። ባለፈው በእኔ ሐተታ ወጥቷል።»

ልክ ነበር። ጋዜጣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ አይናገርም።

«ቁረጠው» አልኩት። ዜናው በማግሥቱ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ወጣ፤ አውሮፕላኗ ወደ አሰብ መመላለስ እንዳቆመች ብቻ ይላል።