ድምፁ የተረሳ ሰው

የወተት ጥርሶቼ ገና ያልወለቁልኝ ልጅ ሳለሁ፣ ከጅብም ከእባብም አብልጬ የምፈራው አንድ ተረት ነበር። የሰማሁት ግራና ከሚባለው ገበያ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን፣ በማሽላ ጥበቃ ወራት፣ ከአባ ይማም እሳት ዳር ነው። አባ ይማም ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ጉልበታቸውም ደክሞ እርሻውን ለልጆቻቸው ስለተዉ፣ ማሽላው ሲያሽት ጃርትና ከርከሮ እንዳይገባበት ከመንደሩ በታች በተሠራች ጎጆ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እኛ ልጆች ከምሽቱ የመግሪብ ሶላት በኋላ ከቤት እንድንወጣ የሚፈቀድልን ወደዚያች ጎጆ ብቻ ነው። ያኔ መብራት ወደ መንደራችን አልገባም፤ ከፍሙ ሌላ የነበረን ብርሃን ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ ነበረች፣ እሷም ከብርሃኗ ጭሷ ይበልጥ ነበር። አባ ይማም የማሽላውን ራስ ፍም ላይ እያገላበጡ ይጠብሱና በመዳፋቸው አሽተው እፍ ይሉታል፤ ገለባው እሳቱ ላይ ብን ብሎ ሲነድድ ፊታቸው ለአፍታ ይታይና መልሶ ይጨልማል። የሚያወሩት ያን ጊዜ ነው።

ከብቱ ሸለቆ የሞላለት አንድ ሰውዬ ነበር አሉን። ሀብቱ ሲበዛ ሌባ ፈራና አጥሩን ከፍ አደረገ፤ አሁንም ፈራና ሾህ ደረበበት። መጀመሪያ ለማኝ ቀረበት። ቀጥሎ እሳት ሊጭሩ የሚመጡ ጎረቤቶች ቀሩ። በኋላማ በደጁ የሚያልፍ ሰው ጠፍቶ ውሻው እንኳን መጮህ ተወ። ሰውዬውም እፎይ አለ፣ ብዙ ክረምትም እንዲሁ ኖረ። አንድ ምሽት ታዲያ ነብር ከዛፍ ላይ ተወርውሮ አጥር ግቢው ውስጥ ገባ። ሰውዬው ወደ በሩ ቢሮጥ፣ ራሱ የደራረበው ሾህ አላስከፍት አለው። ጮኸ። አገሩ በሙሉ ጩኸቱን ሰማ፣ ግን አንድም ሰው አልመጣም።

«ጠልተውት ነው፣ አባ ይማም?» አልኳቸው።

«ምን ይጠሉታል፣ ልጄ» አሉ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ድምፁን ረሱት እንጂ። የማን ድምፅ ነው ይህ ተባባሉ፤ የሚያውቀው ጠፋ። የገደል ማሚቶ ነው ብለው ወደ እራታቸው ተመለሱ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም። ወደ ቤት ስንመለስ የማሽላው ቅጠል ይንሿሿል፣ እኔ ግን ከጀርባዬ ይመጣል ብዬ የምፈራው ነብሩን አልነበረም። የፈራሁት መረሳትን ነው። ከዚያች ምሽት ጀምሮ በሰው ደጅ ባለፍኩ ቁጥር «እኔ ነኝ! ሰዓዳ ነኝ!» እያልኩ መጮህ አመጣሁ፤ ሴቶቹ እየሳቁ «አወቅንሽ እኮ፣ እለፊ!» ይሉኛል። ለምን እንደምጮህ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ፣ ሙሄ ይሉታል፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ርቦት ያደገ ሰው ነው። ወንዙ ዳር ባለችው መሬታችን ሽንኩርት መትከል ጀመረ፣ እንደ ምንም ብሎ የውሃ ሞተር ገዛ፣ የሣር ጣራችንን በቆርቆሮ ለወጠ። በአገራችን ስለ አንድ ሰው ኑሮ ሲጠየቅ «ደህና ነው፣ ሰው አለው» ይባል ነበር፤ ስለ አባቴ ሲጠየቅ ግን «ደህና ነው፣ ሞተር አለው» ማለት ተጀመረ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እናቴን ደስ አይላትም። ጎተራው ሞልቶ እያለ እህሉን ቆጥባ ትሰፍራለች። «በረካው ወጣ» ትለኝ ነበር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቤቱ ሞልቷል፣ በረካው ግን ወጣ።» እኔም ይህ በረካ፣ በረከት የሚባለው ነገር በየት በኩል እንደወጣ ለማየት በሩን፣ መስኮቱን፣ የጣራውን ቀዳዳ ሳይቀር እያየሁ እፈራ ነበር።

አንድ በጋ የአያ ሰይድ ሚስት ሞተች። አያ ሰይድ ከኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖር፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። በእኛ ዘንድ የመንደሩ ሰው በሐዘንና በችግር የሚረዳዳበት ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሰው ሲሞት ከየቤቱ ወንዱ ወጥቶ ቀብር ይቆፍራል፣ ሴቷ ውሃና እንጨት ይዛ ትሄዳለች። የጥሪው ድምፅ ሲሰማ አባቴ ሞተሩን እያስነሳ ነበር። የመስኖው ተራ የሱ ነበርና፣ ዛሬ ካላጠጣ ሽንኩርቱ እንደሚደርቅ ለእናቴ ነግሯት በሱ ፈንታ ሽንኩርቱን የሚያርምለትን ተቀጣሪ ወደ ቀብሩ ላከ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። እኔ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ከላይ ለቅሶውን፣ ከታች የሞተሩን ድምፅ እሰማ ነበር። ለቅሶው ሲቆም ሞተሩ አልቆመም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ የቅሬው ሽማግሌዎች መጡ። አባ ይማምም አብረው ነበሩ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም።

«ሰው ልኬያለሁ እኮ» አለ አባቴ።

«ልከሃል» አሉ አባ ይማም። «የጠራነው ግን አንተን ነበር።»

«ሥራ ፈቶ ማልቀስ ቤት አያቆምልኝም፣ አባ ይማም። እናንተ አትኮንኑኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አላህ ልብህን ያስፋው» ብለው ወጡ፤ እናቴ የዘረጋችላቸው ቁርበት ማንም ሳይቀመጥበት ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልሰደበንም፣ ማንም አልነካንም። ሰላምታው ብቻ አጠረ። አባቴ በመንገድ ሲያልፍ ወሬው ይቆማል፣ ሲርቅ ይቀጥላል። እሱም ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ማውራት ተወ። ማታ ማታ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እያየሁት «አባባ፣ ተናገር እንጂ፣ ጮክ በል» ልለው እፈልግ ነበር።

የበልግ ዝናብ መጣል የጀመረበት ሰሞን ነበር። በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከላይ ተራራው ላይ ግን ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴና እኔ እንጨት ይዘን በወንዙ ዳር ስንመለስ፣ በመጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ቀጥሎ መሬቱ ከእግራችን ሥር መንቀጥቀጥ ያዘ። አባቴ አሸዋው መካከል፣ ሞተሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ሊያላቅቅ ይታገል ነበር። እናቴ እንጨቱን ጥላ «ተወው! ውጣ!» ብላ ጮኸች። ቀና ብሎ አየን። ሊወጣ ይችል ነበር። ግን እንደገና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ በወንዙ መታጠፊያ ዞሮ ሲመጣ አየሁት። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ጎርፉ አባቴን ገለበጠው፣ ዋጠው፣ ዝቅ ብሎ ከአንድ ሾላ ሥር ተፋው፤ እዚያም የሾላውን ቅርንጫፍ አቅፎ ያዘ። ውሃው በሱና በእኛ መካከል ነበር፣ ከደቂቃ ወደ ደቂቃም ከፍ ይል ነበር። አፉ ሲከፈት አያለሁ፤ ድምፁን ግን የጎርፉ ጩኸት በላው።

እናቴ ወደ መንደሩ ዞራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «ኡ ኡ! የሰው ያለህ! የወገን ያለህ!»

መልስ አልነበረም። ከመንደሩ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሰው እራቱን እየሠራ ነው። እናቴ እንደገና ጮኸች፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አሁንም ጸጥታ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ አባ ይማም ሳይነግሩን የተዉትን የተረቱን መጨረሻ አሁን በዓይኔ ላየው ነው ብዬ አመንኩ።

ከዚያ ከላይ አንዲት ሴት «የሙሄ ሚስት ናት! ወደ ወንዙ!» ስትል ሰማሁ። ከሌላ ደጅ ሌላ ድምፅ ተቀበላት፣ ከዚያም ሌላ፤ ወዲያው ቁልቁለቱ በሚሮጥ ሰው ተሞላ። ገሚሱ ሽርጡን እያሸረጠ፣ ገሚሱ ሊጥ በእጁ እንደያዘ። ከሁሉም ቀድሞ ወንዙ ዳር የደረሰው አያ ሰይድ ነበር። መጫኛውን ከትከሻው አውርዶ አንዱን ጫፍ በወገቡ አዞረና ሌላውን ወረወረ። ሁለት ጊዜ ውሃው ወሰደበት። በሦስተኛው አባቴ ያዘው፣ ቅርንጫፉንም ለቀቀ፤ ጎርፉም ይዞት ሲሄድ የአያ ሰይድ እግር በጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ሌሎቹ ከኋላው እስኪይዙት ድረስ ገመዱን ብቻውን ይዞ የቆመበት ያ ጊዜ ስንት እንደቆየ አላውቅም። ፊቱን ግን አየሁት። ምንም አይነበብበትም ነበር።

አባቴ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ብዙ ቀን ተኛ። መንደሩ በየተራ መጣ፤ ከሽንኩርቱም የተረፈውን እነሱ ነቅለው አገቡልን። ብድግ ማለት ሲችል መጀመሪያ የሄደው ወደ አያ ሰይድ ቤት ነው፤ ትከሻዬን ተደግፎ ስለነበር አብሬው ነበርኩ። አያ ሰይድ ደጃፉ ላይ የበሬ ጠፍር ያለፋ ነበር።

«ሰይድ፣ ያን ቀን አልመጣሁልህም» አለ አባቴ።

«አልመጣህም።»

«ገመዱን ስትወረውር ትዝ አላለህም?»

«አልዋሽህም፣ ይዤህ ሳለሁ ትዝ አለኝ» አለ አያ ሰይድ፣ ቀና ሳይል።

የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከበድክ። ሳብኩ።»

አያ ሰይድ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ አባቴም አጠገቡ ተቀመጠ፤ የጠፍሩን አንዱን ጫፍ ያዘለት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቀብር ቀርቶ አያውቅም። ሌላ ሞተርም ገዝቷል፣ ዛሬም ሽንኩርት ይተክላል፤ ሰዉ ግን ስለሱ ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም፣ መንደሩን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ወልድያ ውስጥ ቤት ተከራይቼ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እኖራለሁ። ከልጅነትሽ ምን ቀረልሽ ብባል፣ ሰዎቹ መምጣታቸውን መናገር ይቀናኛል፤ መጥተዋልና። ነገር ግን በውስጤ የቀረው ያ ሳይሆን፣ በእናቴ ጩኸትና በመጀመሪያው መልስ መካከል የነበረው ጸጥታ ነው። አያ ሰይድ አባቴን ይወድደው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ሀብታችን ያ ገመዱን የያዘው የአንድ ሰው እጅ ነበር፣ ሊለቅ ይችል የነበረ እጅ። በግቢያችን አዲስ ተከራይ ሲገባ፣ ዕቃው ከባጃጁ ሳይወርድ ደጁን የማንኳኳው፣ ስሜን የምነግረው፣ ስሙን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ደግ ነች ይሉኛል። አላስተባብልም። ግን ፈርቼ ነው።