ወንድሜ የዞረበት አገር

ወንድሜ ከአደጋው በፊት የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር። በተወለድንበት ደጋ፣ በገረሴ ዙሪያ፣ ከአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው በእግሩ ሲዞር ይውል ነበር፤ ሞተር ሳይክል የሚያስነሳው መንገዱ ሲርቅበት ብቻ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ገደል ሥር ጣለው። ነፍሱ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ግን አልታዘዝ አለው። እዚህ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኛ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ በመጨረሻም ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ሴቻ ሰፈር ወደተከራየሁት ቤት፣ እኔ ዘንድ መጣ።

ታላቅ እህቱ ነኝ። አላገባሁም፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የፊተኛውን ክፍል ለቀቅኩለት፤ መስኮቱ ሐይቁን ስለሚያሳይ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ገና በመጣ ሰሞን "መጋረጃውን ዝጊልኝ" አለኝ። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከግቢ መውጣትማ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም።

"ሰው እኔን እያየ እንዲያለቅስ አልፈልግም፣ እትዬ" አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ አልጨቀጨቅኩትም።

የኮምፒውተር ጌም ቤታችን ያስገባው ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው። ከሰሜን መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተማረ፤ ከተመረቀም በኋላ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ እዚሁ ቀረ። ስለ ኮምፒውተር ጌሞች በአማርኛ የሚያወራበት ቻናል አለው፤ የአንዱ ጌም ምኑ እንደሚያምር፣ ምኑ እንደሚጎድል፣ ጊዜ ሊሰጡት ይገባ እንደሆነ እየመዘነ ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ገባና ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘው።

"አዲስ ጌም ነው" አለው ወንድሜን። "ብቻዬን ልፍረደው ብል ልሳሳት እችላለሁ። አንተም ተጫወተውና ጥንካሬውንና ድክመቱን ንገረኝ።"

እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ የመጫወቻውን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ ተቀበለው።

የተረት አገር ነው። ነገሥታት አሉ፣ አስማተኞች አሉ፣ ተራራ ላይ የተኛ ዘንዶ አለ። ተጫዋቹ የራሱን ሰው ይሠራል፤ መልኩን፣ ሙያውን፣ መሣሪያውን ይመርጥለታል። ከዚያ በኋላ ወዳሻው ይሄዳል። በዚህ ግባ፣ በዚያ ውጣ የሚለው የለም። ወንድሜ ሰይፉንም አስማቱንም ትቶ በትር የያዘ መንገደኛ ሠራ።

መጀመሪያ ላይ ፈጣሪን አመሰገንኩ። መብላት ጀመረ፤ መናገር ጀመረ። ወራት ሲያልፉ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ጠዋት ስወጣ እዚያው ነው፤ ማታ ስገባም እዚያው። "ምሳህን በላህ ወይ?" ስለው "ቆይ፣ ይቺን ኮረብታ ልውጣና" ይለኛል። መብራት የጠፋ ቀን እንደታመመ ሰው ትንፋሹ ያጥራል። እግሩን ያጣው ወንድሜ አሁን ደግሞ ጨርሶ ከእጄ እየወጣ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መምጣት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላንቴ ሙዝ ጭነው አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መንዳት ተዉ። ከሌላው ጠያቂ የሚለዩት "አይዞህ" ባለማለታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ ወንበር ስበው ከጎኑ ይቀመጣሉ፣ ቴሌቪዥኑን ያያሉ።

"በግራ በኩል ያለው መንገድ አይሻልም?" ይሉታል።

"ወንዝ አለበት፣ አባባ።"

"ወንዝ ካለ ድልድይ አይጠፋም። ሂድ ዝም ብለህ።"

ይሄዳል። አንዳንዴ ድልድይ ይገኛል፤ አንዳንዴ ውሃው ይወስደውና ሁለቱም ይስቃሉ። ከአደጋው ወዲህ የወንድሜን ሳቅ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ጋር ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጬ አዳመጥኩ።

ወጣቱ የወንድሜን ፍርድ ለቻናሉ ለመቅዳት የመጣ ቀን እኔም ነበርኩ። ስልኩን ወንድሜ ፊት አስቀመጠ። ወንድሜ ጥንካሬውን በደንብ ተናገረ፦ መንገዱ አያልቅም፤ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ ያሳያል፤ ካርታው ባዶ ሆኖ ይጀምርና የሚሞላው አንተ ስትረግጠው ብቻ ነው፤ ደጋው ደጋ፣ ቆላውም ቆላ ይመስላል።

"ድክመቱስ?" አለው ወጣቱ።

"የለውም።"

"ድክመት የሌለው ጌም የታለ?"

"እኔ አላየሁም አልኩህ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ወጣቱን በር ድረስ ስሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረኝ። "ዋናውን ታሪክ እስካሁን አልጀመረውም፤ ዘንዶውንም ንጉሡንም አላያቸውም። ከመንደር መንደር ብቻ ነው የሚዞረው። እንዲህ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም።"

እኔ ግን አይቻለሁ። ሥራውን ነበር የሚሠራው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተኝቶ አገኘሁት። ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ጆይስቲኩን አነሳሁ። መንገደኛው ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የገብስ ማሳ በነፋስ ይተኛል ይነሳል፤ ከሸለቆው ማዶ ዝናብ እየመጣ ነው። ገረሴ ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ያደግንበትን ደጋ ማን አይቶ እዚህ እንዳስገባው ገረመኝ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። እንደምንም እያደናቀፍኩት ወደ መንደሩ አወረድኩት። የውሃ ጉድጓድ ዳር አንዲት ሴት ቆማለች። ሰላም አለችኝ፤ መንገድህ ይቅና አለችኝ። ትንሽ ርቄ ተመለስኩ። መንገድህ ይቅና አለችኝ። ተነስቼ ብመታትስ ብዬ በትሩን ሰነዘርኩ፤ ጮኸች፣ ሸሸች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ ያንኑ ቃል በዚያው ፈገግታ አለችኝ።

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩት። አገሩ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ያስፈራኝ ሌላው ነገር ነው። እዚያ አገር ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አይቶህ ከንፈሩን የሚመጥልህም የለም። ለወንድሜ የተመቸው ይኸው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም ለማንም አልተናገርኩም።

ሽማግሌው የሞቱት እናታችን ልትጠይቀን ከገረሴ በወረደችበት ሰሞን ነው። ሳይታመሙ፣ እንደተኙ በዚያው ቀሩ። ማለዳ የሴቶች ዋይታ ከቅያሳችን ማዶ ሲሰማ እኔና እናቴ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሮጥን። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ በመሃል ያለው መንገድ ግን ድንጋያማ ዳገት ነው። ድንኳን ሲተከል ወንድሜን ለማየት ተመለስኩ። ጌሙን ከፍቷል።

"ሰማህ አይደል?"

"ሰማሁ።"

"እንወስድሃለን። የዕድሩ ልጆች ይሸከሙሃል።"

"አልሄድም፣ እትዬ።"

እናቴ ከኋላዬ ገብታ ነበር። እሷ አማርኛ ብዙም አይቀናትም፤ ከእኛ ጋር በጋሞኛ ነው የምታወራው። ቴሌቪዥኑን አየች፣ እሱን አየች።

"ሰውየው ይህን ዳገት ሲወርዱ ሲወጡ ጉልበታቸው ጤነኛ ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። እሷም ጥያቄዋን አልደገመችም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እንደ እሱ ማየት ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ላይ መንገደኛው የሆነ መንደር ደርሷል። ሽፍቶች ገብተው ስለነበር አንድ ሰው መንገድ ላይ ወድቋል። ሌሎቹ ሰዎች እየተራመዱበት ያልፋሉ። አንዱ አጠገቡ ቆሞ ስለ አየሩ ማማር ያወራል። ቆይቶ አስከሬኑ እንደ ጉም ሳሳና ጠፋ።

"ማን ቀበረው?" አለች እናቴ።

"ማንም" አለ ወንድሜ።

ዋይታው ከውጭ ይሰማል። በኋላ ራሱ ጆይስቲኩን አልጋው ላይ አኖረና "ጋቢዬን ስጪኝ" አለኝ።

ወጣቱና የዕድሩ ልጆች ወንበሩን በአራት በኩል አንስተው ዳገቱን አወጡት። የፈራው ሁሉ ደረሰበት። ድንኳኑ አፍ ላይ እንዳየችው አንዲት ዘመዳችን ለሟቹ የጀመረችውን ሙሾ ወደ እሱ አዞረችው፤ ተራራ ይወጣ የነበረውን እግሩን እያነሳች አለቀሰችለት። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ በሐፍረትና በሐዘን መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ። ወንድሜ ራሱን አቀረቀረ፤ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከአደጋው ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ውሰዱኝ ግን አላለም።

የሟቹ ባለቤት ከጎኑ እንዲያስቀምጡት አዘዙ። እጁን ይዘው እንዲህ አሉት።

"ወደ አንተ ሊመጡ ሲነሱ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ ልጄ? 'ዛሬ መንገድ አለን' ይሉኝ ነበር። ጫማቸውን ይወለውላሉ። መኪናውን ከተዉ ወዲህ እንደዚያ ሲነቃቁ አይቻቸው አላውቅም።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው። እስከዚያ ቀን እሱም እኔም ሽማግሌው የሚመጡት ለእሱ ብለው ብቻ ይመስለን ነበር።

ቀብር ድረስ ሄደ። መኪና ላይ አወጡት፣ አወረዱት፤ ከመቃብሩ ራስጌ ወንበሩን ደግፈው አቆሙለት። ሲመሽ ወደ ቤት ስንመልሰው ደክሞት ስለነበር ሳይበላ ተኛ።

ከተስካሩ በኋላ ወጣቱን ራሱ አስጠራውና "ያንን ፍርድ እንደገና ልናገረው" አለው። ስልኩ ሲከፈት እንዲህ አለ፦

"ይህ ጌም ለመሄድ የተሠራ ነው። መሄድ የሚወድ ሰው ይውደደው። እኔ ከታመምኩ ወዲህ የሄድኩት በእሱ ነው፤ ውለታውን አልረሳም። ድክመቱን ስጠየቅ የለውም ብዬ ነበር። አለው። ገብሱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ የሚያጭደው የለም። ሰዎቹ ስንት ጊዜ ብትመላለስ አያውቁህም። መዋጋቱን አሳምረው ሠርተውታል፤ ከውጊያው በኋላ ያለውን ግን ትተውታል። ሰው ሲሞት ቤቱ ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚመጣ፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ የለም። እኔ ዳኛ ብሆን መንገዱን አመሰግናለሁ፣ መንደሩን ግን እንደገና ሥሩት እላለሁ።"

ወጣቱ ምንም ሳይቆርጥ በቻናሉ ለቀቀው። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ አልተስማሙም። ጌም ለመዝናናት ነው፣ ለቅሶ ምን ሊያደርግለት ብለው የጻፉ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ስለ ጌሙ አንድም ቃል ሳያነሱ ስለሞተባቸው ሰው ጻፉ። ወንድሜ ሁሉንም አነበበ፤ ለእነዚህኞቹ ብቻ መለሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ መውጣት ለመደ። ቀላል አልነበረም፤ የባጃጅ ሹፌሮች ወንበሩን አይተው ያለፉን ቀን ብዙ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያለቅሱ ዘመዶችም አልጠፉም። መሥሪያ ቤቱ ቆይቶ ከተማ ውስጥ ቦታ ሰጠው፤ ገበሬዎች በስልክ ለሚጠይቁት መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳሉት የሙዝ ማሳዎች ይወስዱታል። ወጣቱ ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄደ። ጌሙን ግን ከነላፕቶፑ ለወንድሜ ትቶለት ነው የሄደው፤ እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፍተዋል።

በዚህ ጉዳይ እኔና እሱ ዛሬም አንስማማም። በቀደም ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ከአንድ ዓመት በላይ በላብህ" አልኩት።

"አልበላብኝም" አለኝ። "ያን ጊዜ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም፣ እትዬ። እሱ ባይኖር ያንን ግድግዳ ነበር የማየው።"

"እሱ ባይኖር ቶሎ ትወጣ ነበር።"

"ወይም ጨርሶ አልወጣም።"

የትኛችን ትክክል እንደሆንን አላውቅም። ሻይ ቀዳሁለት፤ መንገደኛው በበረዶ ውስጥ ወደማላውቀው ተራራ ሲወጣ አብሬው አየሁ።