ከሽፋኑ የተቆረጠው ሰው

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ማተሚያ ቤት ስሠራ፣ በንጉሡ ዘመን የወጣ የቱሪስት በራሪ ወረቀት አድሼ አተምኩ። አንድ ቀን ከሐርቡ የመጡ እናት አዲሱን ወረቀት ይዘው ገቡ። ሽፋኑ ላይ የምትስቀውን ወጣት እያሳዩኝ፣ «ይህች እኔ ነኝ» አሉ።

ደስ ብሎኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ፎቶውን እንዴት እንዳሳመርኩት ስደሰኩር ወረቀቱን ያገላብጡ ነበር።

«አጠገቤ የቆመውንስ የት አደረግኸው፣ ልጄ?»

«ቦታ ጠቦኝ ቆርጬ አወጣሁት፣ እማማ።»

«ባሌ ነው። ዘምቶ ቀረ። ሌላ ፎቶ የለውም። የድሮውን ወረቀት አውጣልኝና አንዴ ልየው።»

በመቀስ የቆረጥኩት ያንኑ የድሮውን ወረቀት ነበር። ቁራጩን ከጥራጊው ጋር አቃጥዬዋለሁ።