ጥያቄ ያበዛብኝ ጫኝ

ቆርቆሮው የጋቢናዬን የኋላ መስታወት ሰብሮ ማጅራቴ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚጭንልኝ ሰው ፈለግሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። ዕቃውን ሳይነካ፣ "ወንድሜ፣ መንገድህ ወዴት ነው? ቁልቁለት አለው? እስቲ ገመድህን ልየው" አለኝ።

"አንተ ጫኝ ነህ ትራፊክ?" ብዬ ትቼው ሄድኩ። (ባለቤቴ "ጥያቄ አትወድም" የምትለኝ እውነቷን ነው።)

ምንም ያልጠየቁኝን አራት ጎረምሶች ያዝኩ። ሲሚንቶውን ከታች ደርድረው፣ ቆርቆሮውን ከላይ አጋድመው፣ በግማሽ ሰዓት ጨረሱ። ፍጥነታቸው ገርሞኝ መርቄ ሸኘኋቸው!

ከጎረቤላ ወደ አሊዩ አምባ ስወርድ አህያ ገባችብኝ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ቆመ፣ ቆርቆሮው ግን አልቆመም።

እንደምንም አሊዩ አምባ ስደርስ የአውራጆቹ አለቃ፣ አንድ አዛውንት፣ ጭነቱን አይተው "ያ ረቢ!" አሉ። "ለቁልቁለት እኮ ቆርቆሮ ከታች ሆኖ ሲሚንቶ ከላዩ ነው የሚጫነው። ልጄ፣ የጫኑልህ ሰዎች የት እንደምትሄድ ያውቁ ነበር?"

አያውቁም። አልጠየቁኝም።

ከእንግዲህ መንገዴን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያነሳ ሰው መኪናዬን አይነካም። ነገ ያን ሰውዬ ፈልጌ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እመልስለታለሁ።

እናንተስ ሾፌሮች፣ ጥያቄ አበዛ ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው የለም?